ለልምምድ ያህል

መስከረም 8 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለቶሎ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? እኔ እንደ አሮጌ መጽሐፍ ነኝ፤ ከሩቅ ሲያዩኝ ደህና፣ ሲያነሡኝ ገጽ እጥላለሁ። ጉልበቴ ካልተቆጠረ ግን ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። አንተንም በሰው አገር ክፉ አይንካህ፤ እጅህ የያዘው ይባረክ፣ አለቃህ ይውደድህ፣ የማይወድህም ይፍራህ። ዘር ቆጣሪ ቢጠየቅ እኔ የእናትህ የአክስት ልጅ ብቻ ነኝ። አንተ ግን «እትዬ» ብለህ ጀመርክ፣ እኔም «ልጄ» ብዬ ቀጠልኩ፣ ይኸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያረመን የለም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ሰኞ ዳይሬክተሩ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ በሙሉ ሰብስቦ «ዘመኑ የኦንላይን ነው» አለን። እኛም አጨበጨብን፤ ዘመኑ የማን እንደሆነ ከዚያ በፊት የነገረን ሰው አልነበረም። ቀጥሎም በስድስት ወር ውስጥ አዲስ ሲስተም እንደሚገባ፣ አንባቢ መጽሐፍ ፍለጋ የእኔን መሳቢያ መጎተቱ ቀርቶ ቤቱ ተጋድሞ በስልኩ እንደሚያገኝ አብራራልን። በመጨረሻ ፈገግ እያለ፣ ፈተና እንደሚኖርና ያላለፈ ሠራተኛ ወደ በር ተዛውሮ የወጪ ገቢውን ቦርሳ እንደሚፈትሽ ተናገረ። ይህን ሲል እሱ ያየው ጣራውን ነው፤ የቀረው ሰው ሁሉ ያየው እኔን ነው።

የካታሎግ ክፍሉን ታውቀዋለህ። አሥራ ስምንት መሳቢያ፣ ዘጠኝ ሺህ ካርድ፣ እያንዳንዱ በእጄ የተጻፈ። ከዚያ ክፍል ወጥቼ የሰው ቦርሳ ውስጥ እጄን ስሰድ ይታይህ። ስለዚህ አስተምረኝ። እዚያ ማዶ የኮምፒውተር ድርጅት ውስጥ እንደምትሠራ አውቃለሁ፤ ምን እንደምትሠራ ስትነግረኝ አልገባኝም እንጂ።

ብቻዬንም አይደለሁም። ሁለት ጓዶች አሉኝ፤ አንዱ መጽሐፍ ጠራዡ ሙጫ ነው፣ ሌላው የንባብ አዳራሹ ጠባቂ ፀጥታ። ፀጥታን አትረሳውም፤ «ዝም በሉ» ሲል መንገድ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን የሚያቆምለት ሰውዬ ነው። የተላከልን አሰልጣኝ አንድ ቀን ብቻ አስተምሮን ሄደ። «ማንም የማይገምተው ፓስወርድ ምረጡ» ብሎን ነበር። ሙጫ መረጠ፤ ራሱም አልገመተውም፤ እስከ ዛሬ ተቆልፎበታል።

መልስህን በወረቀት ላክልኝ። ስልክ ላይ የመጣ ቃል ጣት ሲነካው ይጠፋል፤ እኔ ደግሞ የማምነው የማስቀምጠውን ነው።

እትዬ


ጥቅምት 2 ቀን

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ እትዬ፣

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን ስሜ እንደምን ከረሙ እላለሁ። እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ የሙጫ ፓስወርድ ጋ ስደርስ ብቻዬን ስስቅ የሥራ ባልደረቦቼ ዞረው አዩኝ።

እትዬ፣ በር ላይ ቆመው ቦርሳ ሲፈትሹ? እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም።

ይህ ነገር እንደ ዋና ነው፤ ውሃው ውስጥ ሳይገቡ አይለመድም። ስለዚህ ልምምድ አዘጋጅቼልዎታለሁ። በስልክዎ አንድ ሊንክ ይደርስዎታል፤ ሲነኩት በስልክም በክፍላችሁ ኮምፒውተርም የሚሞላ ፎርም ይከፈታል። ፎርም ማለት ባዶ ካርድ ነው፤ እስክሪብቶ አይጠይቅም እንጂ ሌላ ልዩነት የለውም። ከመሳቢያዎ አንድ ካርድ ያውጡ፣ ፎቶ ያንሡት፣ ርዕሱን፣ ደራሲውንና የመደርደሪያ ቁጥሩን ይጻፉ፣ ከዚያ «ላክ» የሚለውን ይጫኑ። እኔ ጋ ይደርሳል፤ አይቼ አርማለሁ። በቀን ሃያ ካርድ ከሠራችሁ ፈተናው ሲመጣ እናንተ ናችሁ ፈታኙን የምታስተምሩት።

ስህተትን አይፍሩ። ለልምምድ ያህል ነው።

ምርቃትዎ አይለየኝ። ልጅዎ ቶሎ


ኅዳር 12 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለቶሎ፣

ደብዳቤህን ለብቻዬ ልደሰትበት አስቤ ነበር፤ ለፀጥታ ሳነብለት ግን አዳራሹ በሙሉ ተደሰተ። ሦስታችንም መርቀንሃል። እኔ መንገድህ ይቅና ብያለሁ፣ ፀጥታ ጠላትህ ድዳ ይሁን ብሏል፣ ሙጫ ደግሞ የያዝከው አይልቀቅህ ብሏል። ሁሉም ከየሙያው ነው የመረቀው።

ትምህርታችን ይህን ይመስላል። በምሳ ሰዓት የክፍሉን በር እንዘጋና ሙጫ ካርዱን ይይዛል፣ እኔ ፎቶ አነሣለሁ፣ ፀጥታ በሁለት ጣቱ ይጽፋል። የመጀመሪያው ሳምንት ጦር ሜዳ ነበር። ፀጥታ ማውሱን እየገፋ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሲደርስ «መንገዱ አለቀብኝ» ብሎ ቆመ። ሙጫ ደግሞ በየፎቶው ላይ አውራ ጣቱ አለበት፤ ያ ሙጫ የደረቀበት ጥቁር ጥፍሩ። ጣትህን ሰብስብ ብለው «እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ይታይ» አለኝ። እኔ ራሴ «ላክ» የሚለውን በተጫንኩ ቁጥር ካርዱ ከመሳቢያው ተነሥቶ የሚሄድ እየመሰለኝ ዞር ብዬ አይ ነበር። አሁን ግን ሃያውን አልፈን በቀን ስልሳ ገብተናል። ትናንት ፀጥታ በሦስተኛ ጣቱ መጻፍ ጀምሯል።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ትስቃለህ። ተማሪ ሳለህ በክረምት ዕረፍትህ ከእኔ ጋር ካርድ ስትደረድር ያኖርነውን ወጥመድ ታስታውሰዋለህ? ያኔም ሳታነብ በፍጥነት ትደረድር ስለነበር ነው ቶሎ ያልኩህ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ሐቀኛውን ከሰነፉ እንድንለይ፣ በዓለም ላይ የሌለ መጽሐፍ ካርድ ጽፈን «ሂድ አምጣ» እንበለው ተባባልን። «እትዬ፣ የለም» ያለ ሐቀኛ ነው፤ «አሁን አየሁት፣ አንባቢ እጅ ላይ ነው» ያለ በጊዜ ይታወቅበታል። ርዕሱን ያወጣኸው አንተ ነህ፤ «የንፋስ አያያዝ መመሪያ፣ ቅጽ ሁለት»። ቅጽ አንድስ ብልህ «እሱን ንፋስ ወሰደው» አልከኝ። ደራሲው ማን ይባል ስልህ «አንድ ባለሙያ በለው፣ ማንም አይጠይቅም» አልክ። ያ ካርድ እስከ ዛሬ አራት ሰነፍ ይዟል።

አሁንም መሳቢያ ዘጠኝ ውስጥ አለ። በዘጠኝ ሺህ ካርድ መሃል ውሸት እሱ አንዱ ብቻ ነው፣ የቀረው እንደ ሚዛን እውነት ነው። ልምምድ አይደል ብዬ እሱንም ልኬልሃለሁ። ስታየው የምትስቀውን ሳቅ ከዚህ ሆኜ እሰማዋለሁ።

ፈጣሪ ዕድሜህን ከእኔ ላይ ቀንሶ አይስጥህ፤ ከራሱ ይስጥህ።

እትዬ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ይድረስ ለውድ እትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሥራ ስለበዛብኝ በእጄ ባለመጻፌ ይቅርታ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል፣ በጣም ደስ ብሎኛል። የላካችኋቸውን ካርዶች በሙሉ አይቻቸዋለሁ፤ አንድም ስህተት የለም።

ፍጥነታችሁ ጥሩ ስለሆነ ከእንግዲህ በሳምንት ከአንድ መሳቢያ በላይ ብታደርጉት፣ ቅዳሜንም ብትጨምሩ መልካም ነው። በካርዱ ጀርባ በእርሳስ የጻፉትን አያንሡት፤ ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም። ስለ ልምምዱም ለዳይሬክተሩ አይንገሩት፤ ውጤቱን አይቶ ይደነቅ።

ስንት መሳቢያ እንደቀረ በአጭሩ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ


የካቲት 6 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለቶሎ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ በማሽን የታተመው ደብዳቤህ ደርሶኛል። ምርቃት ረስተህበታል፤ ማሽኑ ምርቃት አያውቅ ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ። ስምህንም አልጻፍክም፤ «አክባሪዎ» የሚባል ዘመድ ስለሌለኝ ፖስታውን አይቼ ነው አንተ መሆንህን ያወቅኩት።

ሙጫ ግን «አንድም ስህተት የለም» የሚለውን መስመር ቆርጦ በካርቶን ጠረዘው፣ ግድግዳ ላይም ሰቀለው። በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቱ በጽሑፍ የተመሰገነው ያን ዕለት ነው። ለዳይሬክተሩ አትንገሩ ስላልክ አንድ እንግዳ በገባ ቁጥር ፀጥታ ካርቶኑን ከልሎ ይቆማል።

እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ንፋሱን አይተህ ዝም ማለትህ። ሥራ ቢበዛበት ነው አልኩ፤ ራሴንም አሳመንኩ።

በሳምንት ከአንድ መሳቢያ በላይ ብለህ አልነበር? ሁለትም ሦስትም አወጣን፤ ጨረስን። አሥራ ስምንቱም። ቅዳሜን ጨመርን፣ ማታ አመሸን፣ ምሳችንን ቆመን በላን። የፀጥታ ሚስት «ሌላ አግብተህ እንደሆነ ንገረኝ» ብላ እስከ በሩ መጣች፤ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ስታየው «ይሻል ነበር ሌላ ብታገባ» ብላ ተመለሰች። የካርዱን ጀርባ እንዳልከኝ አላነሣሁም። ጀርባው ላይ ያለው የእኔ የግል ነገር ነው፤ ይህ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ሰባት ኋላ ወድቋል፣ ያኛው ገጹ ተቀዷልና ሌላውን ስጪ፣ ይህን የሚጠይቅ ተማሪ የሚፈልገው ሌላ ነው ግን አፍሮ ነው፤ እንዲህ እንዲህ ያለ።

አሁን የቀረው ፈተናው ነው። መቼ እንደሆነ ከሰማህ ጻፍልኝ። ጤና ለአንተ፣ ጤና ለሚጠጋህ ሁሉ።

እትዬ


መጋቢት 25 ቀን

ይድረስ ለቶሎ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ለየካቲቱ ደብዳቤዬ መልስ አላገኘሁም፤ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ሌላ እጽፋለሁ።

ትናንት ሲስተሙ ተመረቀ። በንባብ አዳራሹ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሎ፣ እንግዶች ተቀምጠው፣ ፀጥታም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም በል ተብሎ። ዳይሬክተሩ «ከዘጠኝ ሺህ መጻሕፍት ማንኛውንም በአንድ ንክኪ» አለና በዘፈቀደ ነካው። ስክሪኑ ላይ የወጣው «የንፋስ አያያዝ መመሪያ፣ ቅጽ ሁለት» ነው። ዳይሬክተሩ መነጽሩን አስተካክሎ «ይህን መጽሐፍ በወጣትነቴ እዚሁ አንብቤዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ቅጽ አንድ ይጠነክራል» አለ። ሰው አጨበጨበ። እሱ አምስተኛው መሆኑ ነው።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ከርዕሱ አጠገብ የካርዱ ፎቶ ነበር፤ በፎቶው ጥግ አውራ ጣት አለ፤ ጥፍሩ ላይ ሙጫ የደረቀበት። የአንድ ሰው ቁመት የሚያህል አውራ ጣት። ሙጫ መጀመሪያ ጣቱን አየ፣ ቀጥሎ ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እስከ ማታ አላወጣውም።

ለእንግዶች የታደለው ወረቀት ላይ «መረጃው በድርጅታችን ባለሙያዎች ተዘጋጀ» ይላል፤ ከታችም የፕሮጀክት ኃላፊው ፊርማ አለ። ያን ፊርማ ካርድ ስትደረድር በየወረቀቱ ጥግ ስትለማመደው አይቼዋለሁ፤ ጭራው አልተለወጠም።

ዳይሬክተሩን ስለ ፈተናው ጠየቅኩት። «የምን ፈተና? ሲስተሙ ሞልቶ ነው የመጣልን። ከእንግዲህ ካርድ ጻፊ አያስፈልግም» አለኝ። ዛሬ ጠዋት መሳቢያዎቼን ደረጃው ሥር አስቀመጧቸው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በር ላይ ሆኜ ነው። እስካሁን አርባ ሁለት ቦርሳ አይቻለሁ፤ ሰው ምን ምን ይዞ እንደሚዞር ብታውቅ።

አንባቢዎች ግን ሲስተሙ «አለ» ብሏቸው መደርደሪያው ላይ ሲያጡት ወደ በሩ ይመጣሉ። ቦርሳቸውን እየፈተሽኩ «ከመደርደሪያ ሰባት ኋላ ወድቋል» እላቸዋለሁ። ፎርምህ ላይ ቦታ ያልነበረው ነገር ነው።

የምጠይቅህ አንድ ነው። በአንድ ቃል መልስልኝ፤ በስልክም ቢሆን እቀበላለሁ። አንተ ነህ?

እትዬ


ሰኔ 3 ቀን

ይድረስ ለምወድዎ፣ ለማከብርዎና እንደ እናቴ ለማይዎ እትዬ፣

ከእግርዎ ሥር ወድቄ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ይኸው በእጄ ነው የምጽፈው። ለመጋቢቱ ደብዳቤዎ መልሴ ስለዘገየ ይቅርታዎን። ነገሩ እርስዎ እንዳሰቡት አይደለም፤ ሥራው የድርጅቱ ነው፣ እኔም የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት። ጊዜው አጭር ነበር፣ ሌላ ሰው ቢጽፈው ደግሞ በስህተት ይሞላው ነበር። እርስዎን የመረጥኩት ከማንም በላይ ስለማምንዎ ነው። ደግሞም እኮ ተማሩ፤ ልምምዱ ውሸት አልነበረም። ለሙጫና ለፀጥታ ሰላምታዬን ይስጡልኝ።

እትዬ፣ አንድ ችግር ገጥሞኛል። «የንፋስ አያያዝ መመሪያ፣ ቅጽ ሁለት» የሚባል መጽሐፍ አለ። ዳይሬክተራችሁ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለእንግዳ ላሳየው ብሎ ቢያፈላልገው ጠፋ። እኛ ምናልባት ካርዱ ስህተት ይሆናል ብንለው ተቆጣ፤ «እኔ በዓይኔ ያነበብኩትን መጽሐፍ ነው የለም የምትሉኝ? በእናንተ ርክክብ ነው የጠፋው» ብሎ የመጨረሻውን ሰነድ አልፈርምም አለ። አንድ መጽሐፍ ከጎደለ ሌላም ይጎድላል ብሎ፣ ዘጠኙም ሺህ ካርድ ከነመጽሐፉ አንድ በአንድ ይመሳከርልኝ፣ ያውም ኃላፊው ራሱ መጥቶ ይላል። ኃላፊው እኔ ነኝ። አለቃዬ ካርዱን ያረጋገጠው ማን ነው ሲል የእኔ ስም ነው ያለበት። ሰነዱ በዚህ ወር ካልተፈረመ ከሥራዬ እሰናበታለሁ።

እርስዎ ግን ሁሉንም ያውቃሉ። መጽሐፉ የት ነው ያለው? ማን ነው የጻፈው? እንደዚህ ያለ ሌላ ካርድስ አለ? በሁለት መስመር ጽፈው ቢፈርሙልኝ ይበቃኛል።

እባክዎ እትዬ፣ ቶሎ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ ቶሎ


ሰኔ 19 ቀን

ይድረስ ለክቡር የፕሮጀክት ኃላፊ፣

ጉዳዩ፦ ስለ አንድ መጽሐፍ መልስ ስለመስጠት

ስለ ጤናዎ መጠየቅ ከሥራ ድርሻዬ ውጭ ነው፤ የበር ሠራተኛ የምትጠይቀው ስለ ቦርሳ ነው። ስለሆነም በቀጥታ ወደ ጥያቄዎችዎ እገባለሁ።

መጽሐፉ የት እንዳለ፣ ማን እንደጻፈው፣ እንደዚህ ያለ ሌላ ካርድ መኖር አለመኖሩንም ጠይቀዋል። ሦስቱም ተመልሰዋል። መልሱ ያለው ኅዳር 12 ቀን በጻፍኩልዎ ደብዳቤ ውስጥ ነው፤ ደራሲውን እርስዎ ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። «ደብዳቤዎ ደርሶኛል፣ በጣም ደስ ብሎኛል» ብለው ስለጻፉልኝ እንዳልጠፋ ተስፋ አደርጋለሁ። ካገኙት የአምስት ደቂቃ ንባብ ነው። ካላገኙት ግን ዘጠኝ ሺህ መጽሐፍ ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ ልጽፍልዎ እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር። ፀጥታ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ እንደ ልማዱ ሳይሆን በዝግታ «እትዬ፣ ለማያነብ ሰው ስንቴ ይጻፋል?» አለኝ። አስቀመጥኩት።

ስለ ካርዶቹ ቅሬታ የለኝም፤ ካርድ የአንባቢ ነው። የተከፋሁት በሌላ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች በምሳ ሰዓታችን በር ዘግተን፣ ስንሳሳት ማዶ ሆኖ የሚያርመን ልጅ አለን ብለን ነበር። ማዶ ግን ማንም አልነበረም። ሙጫም ያን በካርቶን የጠረዘውን መስመር ከግድግዳው አውርዶታል፤ አልቀደደውም፣ እንደ ጠራዥ በሥርዓት ፈትቶ ወረቀቱን ለብቻ፣ ካርቶኑን ለብቻ አደረገው። ካርቶኑ ለሌላ ይሆናል አለ።

የእርስዎን ደብዳቤዎች እኔ አስቀምጫለሁ። ሦስት ናቸው፣ ደረጃው ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ በቀናቸው ተደርድረዋል። በጥቅምቱ ላይ «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም» ይላል። በሕይወት መኖርዎን ሲመጡ አያለሁ።

ማመሳከሪያውን ከመሳቢያ አንድ ቢጀምሩ ይመከራል። ንፋሱ ዘጠኝ ላይ ነው፤ እስከዚያ ግን ሳያነቡ ማለፍ አይፈቀድም፣ ዳይሬክተሩ ከኋላዎ ይቆማል። መግቢያው ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መውጫው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሲገቡም ሲወጡም በእኔ በኩል ነውና ቦርሳዎን ከፍተው ይጠብቁ።

የበር ሠራተኛ